መድኃኒቱን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት ቆሞ ያልተረተብኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። ተረቱን አክብረው በሽታቸውን ዘርዝረው ይነግሩኛል፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከትናንት ሌሊት እስከ አምና ክረምት። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው ግን መልሱ አንድ ነው፦ «ኧረ ምንም!» እንግዲህ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ካልተገኘለት፣ መድኃኒቱን የደበቀስ? እሱማ በሽታ ይገኝለታል። ያውም አዲስ በሽታ፣ ያውም ከእኔ እጅ ተገዝቶ።

«ምንም አልወስድም አልኩህ እኮ፤ የግፊቷን ብቻ ናት።»

ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ የሚዋጥ «ምንም» የለም። የግፊቷ መድኃኒት ስሟ ማን ነው? ኢናላፕሪል። ሽንት የምታሸናዋስ? እሷም አለች፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። አሁን ደግሞ ለጉልበትዎ ዳይክሎፌናክ ስጠኝ እያሉኝ ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ብዙ ሰው የጠቀሙ መድኃኒቶች ናቸው። ኩላሊት ላይ ሲገናኙ ግን ነገሩ ይለወጣል። የምታሸናዋ በደም ውስጥ ያለውን ውሃ ትቀንሳለች። ኢናላፕሪል ከኩላሊቱ ማጣሪያ የሚወጣውን ቀጭን የደም ሥር ታሰፋለች። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ያጠብባል። የሚመጣው ደም አነሰ፣ መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ሰፋ፤ ታዲያ ኩላሊትዎ በምን ግፊት ያጣራ? ዕድሜው ለገፋ፣ ስኳር ላለበት፣ ተቅማጥና ትውከት ላደረቀው ሰው ደግሞ ጉዳቱ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ለጉልበት መጥተው ለኩላሊት አይሂዱብኝ። ፓራሲታሞሉን ይያዙ፤ ካልበቃዎት ሐኪምዎን እናማክር። የግፊቱን መድኃኒት ግን «ተጋጨብኝ» ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ።

«አንዱ አልያዘልኝም፤ አይቡፕሮፌኑን ከዳይክሎፌናኩ ጋር ልደርበው። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ?»

ይባላል። እነዚህ ሁለት ባላዎች ግን የተተከሉት አንድ ጨጓራ ላይ ነው። መደረባቸው ሕመሙን በእጥፍ አያስታግስም፤ የሚጨምረው የጨጓራ መቁሰልና መድማቱን ነው። አስፕሪንም ከታከለበት ባሰ። አንዱን ይምረጡና ሌላውን እዚሁ ይተዉልኝ።

«እኔስ አልደረብኩም! ፓራሲታሞሉ ከዚህ ነው፤ ቲለኖሉን ደግሞ ልጄ ከአሜሪካ ልካልኝ ነው።»

እማማ፣ ልጅዎን እግዜር ያክብርልኝ፤ ቲለኖል ግን ፓራሲታሞል ነው። እዚያ አሴታሚኖፌን ይሉታል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። ጤነኛ የሆነ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከቆጠርን 8 ፍሬ መሆኑ ነው። ጉበቱ ለታመመ ወይም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ጣሪያው ከዚያም ዝቅ ይላል። ከዚህ 6፣ ከሻንጣው 6 የዋጠ ሰው ጣሪያውን አልፏል። የጉንፋን ድብልቅ ኪኒን ካከለበት ደግሞ እዚያም ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለ። እናንተም በዋሽንግተንና በዳላስ ያላችሁ ልጆች፣ ስትልኩ ደግ ሥራ ነው፤ ግን በማሸጊያው ጀርባ ላይ በውስጡ ያለውን መድኃኒት ስምና ለምን እንደሚወሰድ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩ። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን መሆኑን እናታችሁ ከቀለሙ አያውቁትም።

«ሜትሮኒዳዞል ብቻ ነው የምፈልገው። አሜባ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

እኅቴ፣ አሜባውን የምናውቀው ሰገራሽ ሲመረመር ነው። ደረትሽ ላይ ግን የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አያለሁና ልጠይቅሽ፤ ዋርፋሪን ትወስጃለሽ?

«አዎ፣ ቫልቭ ተቀይሮልኛል። እሱ ግን የልብ ነው፣ ይሄ የሆድ!»

ልብሽና ሆድሽ ለየብቻ ጉበት የላቸውም። ሁለቱም መድኃኒት የሚሄደው ወደዚያው ወደ አንዱ ጉበትሽ ነው። እዚያ ዋርፋሪንን እየሰባበረ የሚያስወግድ ኢንዛይም አለ፤ ሜትሮኒዳዞል መጥቶ ያንን ኢንዛይም ይይዘዋል። ያልተሰበረው ዋርፋሪን በደምሽ ውስጥ ይከማቻል። አንቺ እንደ ወትሮሽ አንድ ኪኒን ውጠሻል፤ ሰውነትሽ ግን ያገኘው ከዚያ በላይ ነው። ኪኒኑ ሳይጨምር መጠኑ ጨመረ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዚህች ልጅ ነገር የብዙዎች ነገር ነውና። በአገራችን በልጅነት የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቫቸው የተበላሸ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋበት። መጠኑም በግምት አይሰጥም፤ አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ እየተለካ ነው። ለብዙ ሕመምተኞች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ለአንዳንድ ቫልቮች ከ2.5 እስከ 3.5 ይደረጋል። ከዚያ ቢወርድ ደም ይረጋል፣ አንጎል ድረስ ሄዶ ግማሽ አካል ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቢወጣ ደግሞ ይደማል፤ ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከጨጓራ፣ ከሁሉ የከፋው ጭንቅላት ውስጥ። በዚህች ጠባብ መንገድ ለሚሄድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ወይም ባክትሪም፣ ወይም ለፈንገስ የሚታዘዘው ፍሉኮናዞል ዝም ተብሎ አይሸጥም። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ የደም ሕዋሳት ተያይዘው ቁስሉን እንዳይደፍኑም ያግዳሉ። ዋርፋሪን በላዩ ላይ ሲጨመርበት የሚቆም ደም የለም።

«ታዲያ አሞኝ ዝም ልበል?»

ማን ዝም በይ አለሽ? ተናገሪ ነው የምልሽ! አሜባው በምርመራ ከተገኘ ሐኪምሽ ሜትሮኒዳዞሉን ሊያዝልሽ ይችላል፤ ግን የዋርፋሪኑን መጠን ቀንሶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አይ ኤን አርሽን ደግሞ እያየ። መድኃኒቱ ሲያልቅም እንደገና ይለካል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንትሽ ከቀላ፣ ድድሽ ከደማ ቀጠሮ አትጠብቂ።

«ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው ብለው አስፈራሩኝ። ልተወው መሰለኝ።»

አትተዪው። ያሉሽ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ለአይጥ ማጥፊያ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ያው መድኃኒት ነው። አይጧን የገደላትና አንቺን በሕይወት ያቆየሽ በመጠን ይለያያሉ፤ ለዚህ ነው መጠኑን ሳታውቂው የሚቀይርብሽን ሁሉ የምፈራልሽ።

«ጎመን ደግሞ አትብዪ ተብያለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ምን ልበላ ነው?»

ጎመን ብዪ። ክፋቱ ጎመኑ ላይ አይደለም፣ መዋዠቁ ላይ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ የዚህን ቫይታሚን ሥራ በማገድ ነው። ከፆሙ በፊት ጎመን አልፎ አልፎ የምትቀምስ ሰው 55 ቀን ሙሉ በየማዕዱ ስትበላው የዋርፋሪኑ ጉልበት ይቀንሳል፣ ደሟም ወደ መርጋቱ ያደላል። በዚያው ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ያደርግላታል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮው ሲተካ ደግሞ ያ ከፍ የተደረገው መጠን ይበዛባታል። ስለዚህ በፆምም በፍስክም በሳምንት የምትበዪው ጎመን ተቀራራቢ ይሁን። ፆሙ ሲያዝና ሲፈታም አይ ኤን አርሽን ተለኪ። ፆምሽንም ልብሽንም ይዘሽ ፋሲካ ትደርሻለሽ።

ቀጣዩ ጥያቄ የመጣው ከባል ነው። ሚስቱ ዝም ብላ አጠገቡ ቆማለች። «የወሊድ መቆጣጠሪያውን በየቀኑ እወስዳለሁ ስትለኝ ከርማ አረገዘች። ረስታው ነው አይደል?»

አልረሳችም። በዚህ ዓመት ሌላ ምን መድኃኒት ጀምራ ነበር? የቲቢ። በቃ፣ እሷን መጠርጠርህን ተው፤ ሥራው የሪፋምፒሲን ነው። ሜትሮኒዳዞል የጉበቱን ኢንዛይም ሲይዝ ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጉበቱ ኢንዛይሙን አብዝቶ እንዲሠራ ያዘዋል። በበዛው ኢንዛይም የወሊድ መቆጣጠሪያው ሆርሞን ሥራውን ሳይሠራ ተሰባብሮ ይወጣል። ሚስትህ አንድም ቀን ሳታሳልፍ ውጣለች፤ የዋጠችው ግን አልቆየላትም። የሚያሳዝነው የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር ሙሉ የሚወሰድ መሆኑ አይደለም፤ ይህን የሚነግራት ሰው ስድስት ወር ሙሉ አለማግኘቷ ነው። የሦስት ወሩ መርፌና ሉፑ በሪፋምፒሲን አይሸነፉም። መጀመሪያ ቀን ብትጠየቅ ኖሮ ወደ እነሱ ትዛወር ነበር። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ጉበቱ ወደ ልማዱ የሚመለሰው በሳምንታት ነውና ጥንቃቄው ወዲያው አይቆምም።

ይህ ነገር በቲቢ ብቻ አይወሰንም። ለሚጥል በሽታ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ጉበቱን ያጣድፋሉ። ኤች አይ ቪ እና ቲቢ አብረው ለያዙት ሰው ደግሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ መሆኑ ቀርቶ 50 ሚሊግራሙ ጠዋትና ማታ ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲን ስለሚያሳንሰው። የቲቢ ክሊኒኩና የኤች አይ ቪ ክሊኒኩ ካልተነጋገሩ ቫይረሱ ክፍተቱን ያገኛል።

«እኔ ሐኪም ያዘዘልኝን ነው የምገዛው። አንተ ምን አገባህ?»

የትኛው ሐኪም? የልብዎ ሐኪም የቆዳዎን ሐኪም ማዘዣ አይቶታል? የቆዳው የአጥንቱን አይቷል? ሦስት ሐኪም፣ ሦስት ማዘዣ፣ አንድ ሰውነት። ሁሉንም ማዘዣ ያየ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ዝም ካሉ ሁላችንም የምንሠራው በጨለማ ነው።

ይህ የእኛ አገር ድክመት ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ውስጥ ሶሪቩዲን የሚባል አዲስ የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት ወጣ። ካንሰር የያዛቸው ሰዎች የመከላከል አቅማቸው ስለሚደክም አልማዝ ባለጭራ ይበረታባቸዋልና ለእነሱም ታዘዘ። ከእነርሱ መካከል ፍሎሮዩራሲል ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ዘር የሚወስዱ ነበሩ። ሶሪቩዲን ይህን መድኃኒት የሚያስወግደውን ኢንዛይም ዘጋው፤ የካንሰሩ መድኃኒት ተከማችቶ መቅኔያቸውንና አንጀታቸውን ጎዳ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መድኃኒቱም ከገበያ ወጣ። እያንዳንዱ መድኃኒት በማዘዣ የተሰጠ ነበር።

ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ተማሪ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ለድባቴ ፌነልዚን የሚባል መድኃኒት ትወስድ ነበር። ለመንቀጥቀጧ ፔቲዲን ሰጧት፤ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። አባቷ ጋዜጠኛ ነበሩና ዝም አላሉም፤ ጥፋቱን ከሐኪሞቹ ድካም ጋር አያያዙት። በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት ሬዚደንት ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደነገገ። ብዙ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ሞቷን የሚያያይዙት ከሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት ጋር ነው። ፌነልዚንን የሚወስድ ሰው ፔቲዲን እንደማይሰጠው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ግን መጽሐፉ ሌሊት አልጋ አጠገብ ቆሞ አይናገርም። የደከመው ሐኪም ያልፈዋል። ስለዚህ አገባኝም አላገባኝም እጠይቃለሁ። የሚወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ ካልሆነ ልጅዎ በስልክ ፎቶ ታንሳልዎ።

«መድኃኒት ነው የሚጋጨው፤ እኔ የምጠቀመው ቅጠል ነው። ተፈጥሮ ነው።»

ወንድሜ፣ የዋርፋሪንን የትውልድ ሐረግ ታውቀዋለህ? ሻጋታ የያዘው የከብት መኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ያንን የበሉ ከብቶች እየደሙ ሲያልቁ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው አገኙት፤ ዋርፋሪን ከዚያ መጣ። ተፈጥሮ ያውቃል፣ ተፈጥሮ ጉልበት አለው፤ ጉልበት ያለው ነገር ደግሞ ይነገራል እንጂ አይደበቅም። የምትቅመው ጫት አምፒሲሊን ወደ ደምህ የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ የደም ግፊትህንም ከፍ ያደርገዋል፣ የግፊት መድኃኒትህ ወደ ታች ሲጎትት እሱ ወደ ላይ። በውጭ አገር ላላችሁት ደግሞ ግሬፕፍሩት አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንድ የግፊት መድኃኒት ጥናት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጠጣውን አልኮል ጣዕም ለመሸፈን ጭማቂውን ቢጠቀሙ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ሆኖ አገኙት። ሲምቫስታቲን የምትወስዱ ከጭማቂው ራቁ።

«ቡናስ? ቡናዬን እንዳትነካብኝ!»

ቡናሽን አልነካም፣ ሰዓቱን ነው የምነካው። የእንቅርት ኪኒንሽን በባዶ ሆድ በውሃ ዋጪ፤ ቡናው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ለእርግዝናሽ የተሰጠሽን የአይረን ኪኒን ደግሞ ከእንቅርቱ ኪኒን አራት ሰዓት አርቂው፣ ከቡናና ከሻይም ለዪው።

«ረመዳን ነው፤ ሁሉንም ኢፍጣር ላይ አንድ ላይ ብውጥ ምን አለበት?»

ሲፕሮውን ከጨጓራ ማርከሻውና ከወተቱ ጋር ከዋጥከው እዚያው ሆድህ ውስጥ ይያያዙና ሲፕሮው ደምህ ሳይደርስ ይወጣል። ኢንፌክሽኑም ይቀራል፣ ገንዘብህም ይሄዳል። ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ሌሊቱ ይበቃል፤ ና አብረን እንከፋፍለው።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። «ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማንን ጠይቄ ማንን ልተው?» ለሚለው። የደም ማቅጠኛ የሚወስደውን፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረውን፣ የስኳር ኪኒን የሚወስደውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ አዛውንቱን አትለፍ። ግሊቤንክላሚድ ለሚወስድ ሰው ባክትሪም ስትሸጥለት ስኳሩ ሌሊት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ትራማዶል ከዲያዚፓም ጋር ስትሰጥ ትንፋሹን ልታቆመው ትችላለህ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ትንሽ ቢቆም ምንም አይሆንም።

«አንድ ነገር... ቪያግራ አለ? ለጓደኛዬ ነው።»

አለ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እንደጠየቅከኝ እኔም ዝቅ አድርጌ ልጠይቅህ። ጓደኛህ ደረቱን ያመዋል? ሲያመው ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ኪኒን አለችው? አይሶሶርባይድ ይወስዳል? ካለ አልሸጥልህም፤ ብትቆጣኝም አልሸጥልህም። ቪያግራውም፣ እነዚህ ናይትሬት የሚባሉትም የደም ሥርን ያላላሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግፊቱ ባንዴ ይወርዳል፣ ልቡም አንጎሉም ደም ያጣሉ። ከሌለ ደግሞ ይህን ንገርልኝ፦ ቪያግራ ወስዶ ደረቱን ካመመው፣ ድንገተኛ ክፍል እንደገባ፣ ሚስቱ አጠገቡ ብትቆምም፣ ከሁሉ በፊት «ቪያግራ ወስጃለሁ፣ በዚህ ሰዓት» ይበል። ከወሰደ 24 ሰዓት ካልሞላው ሐኪሙ ናይትሬት አይሰጠውም፣ ሌላ ይፈልግለታል። የወሰደው ታዳላፊል የሚባለው ተመሳሳዩ ከሆነ ደግሞ 48 ሰዓት። የትኛው እንደሆነ ስሙን ያስታውስ፤ ና፣ ማሸጊያው ላይ አክብቤ ልስጥህ።